ከስንዝር አፈር በታች

የብርጓል መሬቷን ያገኘችው በዕጣ ነው። አባቷ ባረፉ በዓመቱ ሦስት ወንድሞቿና እሷ ርስቱን በአራት ከፈሉ፤ እያንዳንዳቸውም ምልክታቸውን ለአንድ የማያውቃቸው መንገደኛ ሰጡ። አንዱ ጭራሮ፣ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ የባቄላ ፍሬ፣ እሷ ደግሞ ከነጠላዋ ጫፍ የመዘዘችውን ክር። መንገደኛው ዞሮ ዞሮ ክሯን ከላይኛው ጥግ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ጣለው። ወንድሞቿ አንገታቸውን ደፉ፤ ከመካከላቸው አንዱ ግን ሳቁን መያዝ አቅቶት በጋቢው አፉን ሸፈነ። የላይኛው ጥግ ጭንጫ ነበረና።

ጭንጫ ማለት በአለት ላይ እንደ ስስ ነጠላ የተዘረጋ አፈር ነው። ከሥሩ ያለው ድንጋይ ጥቁር፣ ጠንካራ፣ በየቦታው እንደ እንጀራ ዐይን የተበሳሳ ነው። አፈሩ ራሱ ክፉ አይደለም፤ ለምና ሞቃት ነው፤ ያበቀለውም ገብስ ከሌላው ማሳ ቀድሞ ያሸታል። ጉድለቱ ጥልቀት ማጣቱ ብቻ ነው። በሐምሌ ዝናብ በአንድ ጀንበር ይጠግብና የተረፈው ውኃ መግቢያ ሲያጣ በአለቱ ጀርባ ላይ እየተንሸራተተ ቁልቁል ይሄዳል። ሰማዩ በጠራ በአራተኛው ቀን ደግሞ ዱቄት ሆኖ ነፋስ ያነሣዋል። የእህሉ ሥር ወደ ታች ወርዶ አለቱን ሲነካ ይታጠፍና እንደ ሰሌን ምንጣፍ ወደ ጎን ይጠላለፋል።

ከአማኑኤል ከተማ በስተሰሜን የግማሽ ቀን መንገድ ርቃ በምትገኘው በገብስ አምባ መንደር እንዲህ ያለውን መሬት የሚያርስ ሁሉ ማረሻውን ይሰብር ነበር። የየብርጓል ባል ሙላትም ሁለት ክረምት አርሶ ሁለት ማረሻ ከሰበረ በኋላ ሥራ ፍለጋ ዐባይ በረሓ ወርዶ ንዳድ ይዞት ተመለሰ፤ በሳምንቱም ሞተ። ለሚስቱ የተዋት አንድ ዶማና አንድ ጫፉ ብረት የሆነ አንካሴ ነው። በሬ የሚያውሳት አልተገኘም። «በሬዬን ለአፈር እንጂ ለአለት አላሳደግሁትም» ይላት ነበር የሁሉም አፍ።

እሷም በዶማ መቆፈር ጀመረች። ዶማው እንዳይሰበርባት ግን ከመቆፈሯ በፊት በአንካሴው መሬቱን መውጋት ለመደች። ጫፉ ስንዝር ገብቶ «ቃጭ!» ካለ አለቱ ቅርብ ነው፤ ክንድ ገብቶ ዝም ካለ አፈሩ ጥልቅ ነው። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ያልወጋችው ስፍራ አልቀረም። በታችኛው ጫፍ አለቱ ተሰንጥቆ በአፈር የተሞላ አንድ ኪስ መኖሩን አወቀች፤ በዚያ ቦታ ገብሱ ሌላው ሁሉ ከደረቀ በኋላ እንኳ ለምልሞ ይቆያል። በመካከል ደግሞ አንካሴዋ ሲነካው «ቃጭ» ሳይሆን «ዱም!» የሚል አንድ ስፍራ ነበር፤ እንደ ከበሮ። በዚያ ላይ የበቀለው ገብስ ከማሳው ሁሉ ቀድሞ ይጠወልጋል። ቆሌ ያዛት እንዳይሏት ፈርታ ይህን ለማንም አልተናገረችም።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ዓመተ ምሕረት፣ በግንቦት ወር አንድ እሑድ፣ ሕዝቡ ከቅዳሴ ወጥቶ በቅጥሩ በር ተሰብስቦ ሳለ ድረስ የሚባለው ጨው ነጋዴ በቅሎውን ላብ በላብ አድርጎ ደረሰ።

«ጣልያን ወጥቷል!» አለ ገና ሳይወርድ። «የታችኛውን መንደር ሲፈትሽ በዐይኔ አይቼ ነው የመጣሁት። እህል ነው የሚፈልገው፤ ለጦሩም ይጭናል፣ አርበኛውንም ያስርባል። ወታደሮቹ ረጅም ብረት ይዘዋል። ዐውድማውን ይወጉታል፣ የቤቱን ወለል ይወጉታል፣ የፍግ ቁልሉን ሳይቀር ይወጉታል። ብረቱ ጠልቆ የገባበትን ይቆፍሩታል። አንድ ጉድጓድ አልተረፈም! መጫን ያቃታቸውን በእሳት ለቀቁት።»

«ለእኛስ መቼ ነው?» አሉ ጭቃ ሹሙ አንሙት።

«ረቡዕ። ቢዘገይ ኀሙስ።»

ሕዝቡ እንደ ተነካ የንብ ቀፎ ጮኸ። የሚበላው እህል ቢወሰድ ሰው ሥራ ሥርም ነቅሎ፣ ወተትም ጠጥቶ ክረምቱን ይገፋ ይሆናል። ሁሉም የደነገጠው ለዘሩ ነው። በሰኔ የሚዘራ ፍሬ ያጣ መንደር በሚቀጥለው ዓመት መንደር አይሆንም።

ጭቃ አንሙት የመንደሩ ሹም ነበሩ። ጥሩ አራሽ፣ ቁጡ፣ ለቀልድም የማይሰንፉ ሰው ናቸው። እጃቸውን አንሥተው ጩኸቱን ጸጥ አሰኙት።

«ስሙኝ! ጣልያን ጉድጓድ የሚፈልገው አፈር ባለበት ነው። በአለት ላይ ማን ይቆፍራል? ይህች የብርጓል ጭንጫ አለቻት አይደል? በታችኛው ጫፍ አንድ ለምለም ቦታ አውቃለሁ፤ ከጉልበት በላይ ይቆፈራል። የመንደሩን ዘር በሙሉ እዚያ እንቅበር።»

«አያ አንሙት፣ እዚያስ አይሆንም» አለች የብርጓል ከሴቶቹ መካከል።

«መሬትሽን አንበላብሽም።»

«ስለ መሬቴ አይደለም። ያ ቦታ ለምለም የሆነው የአለቱ ውኃ ሁሉ ወደዚያ ስለሚወርድ ነው። ዘሩ ይበሰብሳል።»

«በግንቦት ፀሐይ?» አሉ ጭቃ አንሙት፤ ሰዉም ሳቀ። «አንቺ ሴትዮ፣ ዘጠኝ ዓመት ድንጋይ ብትደበድቢ አእምሮሽንም ድንጋይ አደረገው እንዴ?»

የብርጓል ግን ስድቡን ልብ አላለችውም። ከማሳው ቀድሞ የሚጠወልገው ገብስ ትዝ ብሏት ነው። ለምለሙ ውኃ ካለበት፣ የሚጠወልገው ደግሞ ደረቅ ነው። ደረቅና ባዶ!

የጎረቤቷን የሥራነሽን እጅ ይዛ ከሕዝቡ መካከል አወጣቻት።

«ወዴት ነው የምትጎትቺኝ፣ እታለም? ክንዴን ነቀልሽው እኮ!»

«ዶማሽን ያዥና ተከተይኝ። ብወድቅም ብነሣም ዛሬ ነው።»

ሥራነሽ ቀጭን፣ ምላሷ የተባ፣ ከልጅነት ጀምራ የየብርጓል ወዳጅ የሆነች ሴት ናት። እያጉረመረመች ተከተለቻት። ማሳው መካከል ሲደርሱ የብርጓል አንካሴውን አንሥታ ጣለችው። «ዱም!»

«ማርያም ድረሽ!» ብላ ሥራነሽ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ዘለለች። «ማነው እሱ?»

«ማንም አይደለም። ባዶ ቤት ነው።»

ስንዝር የማትሞላዋን አፈር ገለበጡ። ከሥሯ ጠፍጣፋ የድንጋይ ክዳን ወጣ፤ በአንድ በኩል ጠርዙ ተሰንጥቆ ጣት ያስገባል። የዶማውን እጀታ በስንጥቁ ከተው ሁለቱም ተጫኑት። አንዴ። ሁለቴ። በሦስተኛው ድንጋዩ ቀና ሲል ከውስጥ እንደ አሮጌ ጎተራ የሚሸት ደረቅ አየር ፊታቸውን መታው። የብርጓል በደረቷ ተኝታ እጇን ሰደደች፤ ወለሉን ዳሰሰች፤ ጣቶቿን አውጥታ አየቻቸው። አቧራ ብቻ ነው። በዘጠኝ ክረምት አንድ ጠብታ ያልገባበት አቧራ!

«አራት ሰው ያስተኛል» አለች ራሷን አስገብታ፤ ድምፅዋም ከውስጥ ተመልሶ መጣ። «ቁመቱ እስከ ወገብ ነው። ሥራነሽ፣ የሃያ አራቱ ቤት ዘር ይገባል!»

ሥራነሽ እልል ልትል አፏን ከፍታ ራሷ በእጇ ያዘችው። ከዚያ ደስታው ሲገነፍልባት በክዳኑ ዙሪያ ትዘል ጀመር። ዱም! ዱም! ዱም! የብርጓል ግን ድንገት ፊቷ ተለወጠ።

«ተይ፣ አትዝለይ!»

«ምን ሆንሁ?»

«ለእኔ የጮኸ ለእነርሱም ይጮኻል። ብረት ነው የያዙት አላለም ድረስ? አንድ ጊዜ ቢወጉት ከበሮው ይነግራቸዋል።»

የብርጓል ቤቷ ያለውን እንስራ አሰበች፤ ባዶ ሲሆን ሲነኩት ይጮኻል፣ እህል ሲሞላ ግን ድምፁ ይሞታል። እንግዲህ ይህም ዋሻ እስከ ጣራው፣ ጥግ ሳይቀር መሞላት አለበት። ለዚያ ደግሞ የመንደሩ ዘር በሙሉ ያስፈልጋል፤ ከሁሉ በላይ የሚበዛው የጭቃ አንሙት ዘር ነው። የእሳቸው ከቀረ ጣራው ባዶ ይሆናል፤ ጣራው ባዶ ከሆነ የሁሉም ይጠፋል።

ሰኞ ጠዋት ጭቃ አንሙት በታችኛው ጫፍ ኪሱን ከወገብ በላይ አስቆፍረው በደስታ ላባቸውን ሲጠርጉ አገኘቻቸው። ያየችውን ነገረቻቸው።

«ሌሎቹ ካሻቸው ባንቺ ከበሮ ውስጥ ያስገቡ» አሉ። «የእኔ ግን እዚህ ነው የሚቀበረው። ግድግዳውን አታዪም? ደረቅ ነው።»

የብርጓል ወደ ጉድጓዱ ወርዳ አንካሴውን ወለሉ ላይ ተከለችው፤ ነቅላም ብረቱን አሳየቻቸው። እርጥብ ጭቃ ተለጥፎበታል።

«የሚያዝያ ዝናብ ትራፊ ነው» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ትንሽ ላላ።

«ሌላው ማሳዬ የሚያዝያን ዝናብ ረስቶ ዱቄት ሆኗል፣ አያ አንሙት። ይህ ብቻ ለምን አልረሳም? እንግዲያውስ እኔን አይመኑኝ፤ ገብሱን ይጠይቁት። አንድ እፍኝ ዘር በጨርቅ ቋጥረው እዚህ ይቅበሩትና ነገ ጠዋት በጥርስዎ ይፍረዱ።»

ጭቃ አንሙት በሰው ፊት እንቢ ማለቱን አፈሩ። ቋጠሮው ተቀበረ።

ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ መንደሩ በሙሉ በጉድጓዱ አፍ ቆሞ ነበር፤ ጣልያን አማኑኤል ማደሩም ተሰምቷል። ጭቃ አንሙት ቋጠሮውን ፈቱ፤ አንድ ፍሬ አንሥተው በመንጋጋቸው መካከል አደረጉ። ሁሉም ጆሮውን አቀና። ደረቅ ዘር ሲነከስ «ቀጭ» ይላል፤ ይህኛው ምንም አላለም። እንደ ሰም ተጠፈጠፈ። ሌላ ፍሬ ነከሱ፤ ያም ዝም አለ። ጭቃ አንሙት ምራቃቸውን ተፉና ወደ የብርጓል ዞሩ። ፊታቸው ቀልቷል።

«ምን ቆማችሁ ታዩኛላችሁ?» ብለው በሕዝቡ ላይ ጮኹ። «አህያ ጫኑ! ስልቻ አምጡ! ዛሬ በየብርጓል ጭንጫ ደቦ ነው!»

ደቦው ምክንያት ነበረው። ሰላሳ ዶማ ማሳውን ከዳር እስከ ዳር ከገለበጠው፣ በክዳኑ ላይ የተነካው አፈር ከሌላው አይለይም። ወንዶቹ እየዘፈኑ ይቆፍራሉ፤ ሴቶቹ ለቆፋሪ ምሳ የሚያደርሱ መስለው በቅርጫትና በስልቻ ዘሩን ያመላልሳሉ። የብርጓል ከዋሻው አፍ ተቀምጣ ትቀበላለች፣ ታዛለች፣ ትቆጣለች። «ጥጉን! ጥጉን ሙሉት! ገብሱን ከታች፣ ጤፉን በስልቻ ከላይ!» ዘጠኝ ዓመት ማንም ያልሰማው ድምፅዋ ያን ቀን ከገደሉ እየተመለሰ ይሰማ ነበር።

ቀኑ ወደ ከሰዓት ሲያዘነብል የመጨረሻው ስልቻ ገባ። የብርጓል ክዳኑን አስመልሳ በአንካሴዋ መታችው። «ዱ...ም» አለ፤ ደከም ብሎ፣ ነገር ግን አለ። ከጣራው ሥር ክንድ የምታህል ባዶ ቦታ ቀርታለች።

«ጭድ!» አለች። «ያለውን ጭድ ሁሉ! ግን በውስጥ ሆኖ የሚጠቀጥቀው ቀጭን ሰው ያስፈልጋል።»

የሁሉም ዐይን ሥራነሽ ላይ ዐረፈ።

«አወቅሁት!» አለች ሥራነሽ ወገቧን እያጠበቀች። «በሰርግ ቀን ቀጭን ነሽ ብላችሁ ሰደባችሁኝ፤ ዛሬ ግን ቀጭን ሴት ወርቅ ሆነች። አያ አንሙት፣ እርስዎ አይሞክሩትም?»

«እኔ ከገባሁ ክዳን አያስፈልግም» አሉ ጭቃ አንሙት ሆዳቸውን መታ መታ አድርገው።

ሥራነሽ በደረቷ እየተሳበች ገባች። ጭዱን እያቀበሏት በእግሯና በክርኗ ወደ ጥጉ ጠቀጠቀችው። ከውስጥም «እኔን ከነነፍሴ እንዳትደፍኑኝ! ባሌ ያገባብኛል!» እያለች ትጮኻለች። በመጨረሻ እግሯን ይዘው ሲያወጧት ከጸጉሯ እስከ ተረከዟ ጭድ ለብሳ ነበር። ክዳኑ ተገጠመ፤ ስንጥቁ በእበትና በጭቃ ተመረገ፤ አፈሩ ተመለሰበት፤ ዶማም አለፈበት። የብርጓል አንካሴውን አነሣች። ጣለችው።

«ድፍ።»

ከበሮው ሞቷል። ሰዉ ያለ ድምፅ፣ በዐይኑ ብቻ እልል አለ።

«አሁን ደግሞ» አለች የብርጓል ወደ ጭቃ አንሙት ጠጋ ብላ፣ «ያንን የታችኛውን ጉድጓድዎን ይድፈኑት። ግን አያስረግጡት፤ ልል ይሁን።»

ሹሙ ትንሽ አሰቡና ጢማቸውን እየሳቡ ሳቁ።

ረቡዕ ረፋድ ላይ ወታደሮቹ መጡ። በበቅሎ የተቀመጠ አንድ የጣልያን ሻምበል፣ ከኋላው ብረት የያዙ ወታደሮች፣ ከጎኑም የከተማ ኮት የለበሰ አስተርጓሚ። ቤቶቹን ፈተሹ፣ ወለሉን ወጉ፣ ፍጉን በተኑ። ለመብል የተቀመጠውን እህልና ሦስት በጎች ያዙ። ዘር ግን አላገኙም። ወደ ጭንጫው ወጡ።

«ይህን ደግሞ ማን ነው የቆፈረው?» አለ አስተርጓሚው አዲስ የተገለበጠውን ማሳ እያየ። «የማን ነው?»

«የእኔ ነው፣ ጌታው» አለች የብርጓል። «ባል የለኝም፣ በሬም የለኝም። ጎረቤቶቼ በደቦ ቆፈሩልኝ።»

«ለዚህ ድንጋይ? የእናንተ አገር ሰው መቼም ልፋት አይሰለቸውም!»

«ዕጣዬ ነው፣ ጌታው። እርስዎ የሚሻል ካለዎት ይቀይሩኝ።»

አስተርጓሚው ሳቀ፤ ለሻምበሉም ተረጎመለት፤ ሻምበሉ ግን አልሳቀም። በጣቱ አመለከተ። ወታደሮቹ ተሰልፈው እየወጉ መሄድ ጀመሩ። ቃጭ! ቃጭ! ቃጭ! ብረታቸው በየስንዝሩ ከአለቱ ጋር ተማታ። ሰዉ ከማሳው ዳር ቆሞ ትንፋሹን ዋጠ። አንድ ረጅም ወታደር በቀጥታ ወደ መካከል ይመጣል። አራት እርምጃ ቀረው። ሁለት። ብረቱን አንሥቶ ወጋ።

«ድፍ።»

ወታደሩ ቆመ። ጎንበስ አለ። እንደ ሌላው «ቃጭ» አላለምና ግራ ገባው። ዳግመኛ ወጋ። «ድፍ።» አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሊጣራ አፉን ከፈተ። የብርጓል ዐይኗን ከእሱ አንሥታ ወደ ታችኛው ጫፍ፣ ወደ ልሉ ጉድጓድ ወደሚቀርቡት ወታደሮች ሰደደች። «ድረሱ» አለች በልቧ፣ «እባካችሁ ቶሎ ድረሱ።»

ልክ በዚያን ጊዜ ከታች በኩል ታላቅ ጩኸት ተነሣ። የአንዱ ወታደር ብረት እስከ እጀታው ጠልቋል! ሻምበሉ በቅሎውን ኮለኮለ፤ ሁሉም ወደዚያው ሮጡ፤ ረጅሙም ብረቱን ትቶ ሮጠ። አካፋ ወጣ። እየተጋፉ፣ እየተሳሳቁ ቆፈሩ፤ አንድ ክንድ፣ ሁለት ክንድ። ከዚያ ሳቁ ቆመ። በጉድጓዱ ወለል ጥቁር ጭቃ ፈልቆ የወታደሮቹን እግር እስከ ቁርጭምጭሚት ያዘ። ሻምበሉ ራሱ ሊያይ ወርዶ ጠርዙ ሲናድበት አንድ ቡት ጫማው እዚያው ተውጦ በካልሲ ወጣ። ሁለት ሰዎች ጫማውን ጎትተው እስኪነቅሉለት ድረስ በአንድ እግሩ ቆሞ አስተርጓሚውን በቋንቋው ይረግመው ነበር።

«ውኃ ነው እንጂ እህል አይደለም» አለ አስተርጓሚው ላቡን እየጠረገ። «ለምን አልነገራችሁንም?»

«መች ጠየቁን፣ ጌታዬ?» አሉ ጭቃ አንሙት በትሕትና እጅ ነሥተው።

ሻምበሉ ወደ ማሳው ዳግመኛ አልተመለሰም። ጭቃ የጠገበ ጫማውን አጥልቆ፣ በጎቹን አስነድቶ፣ የጭቃ አንሙትንም በቅሎ ጨምሮ ቁልቁል ወረደ። የመጨረሻው ወታደር ከኮረብታው ጀርባ ሲሰወር ሥራነሽ ከእሑድ ጀምራ የያዘችውን እልልታ ለቀቀችው፤ መንደሩም ተቀበላት። ጭቃ አንሙት ሳይቀሩ፣ በቅሏቸውን ያጡት ሰውዬ፣ ዘለሉ።

ሰኔ በባተ በሳምንቱ ክዳኑ ተነሣ። የብርጓል ከመጀመሪያው ስልቻ አንድ ፍሬ ገብስ አውጥታ ለሹሙ አቀበለቻቸው። ነከሱት። «ቀጭ!» አለ፤ ከማሳው ዳር ድረስ ተሰማ። እያንዳንዱ ቤት ዘሩን ተሸክሞ ሄደ።

በማግሥቱ የብርጓል ዶማዋን ይዛ ስትወጣ፣ ማሳዋ ዳር ሁለት በሬዎች ተጠምደው ቆመዋል፤ ከኋላቸውም እርፍ የጨበጡት ጭቃ አንሙት ናቸው።

«ማረሻዎ ይሰበራል» አለቻቸው።

«ለዚህ አይደል አንቺ ያለሽው? ቅደሚና ምሪኝ።»

አንካሴዋን እየወጋች ከበሬዎቹ ፊት ሄደች። አለቱ ቅርብ ሲሆን «አንሣ!» ትላለች፤ ሹሙ እርፉን ከፍ ያደርጋሉ። አፈሩ ሲጠልቅ «ልቀቅ!» ትላለች፤ ይጫኑታል።

«ሹምን እንዲህ ማዘዝ ከየት ተማርሽ?» አሉ እያለከለኩ።

«ያዘዝሁት በሬዎቹን ነው፤ እርስዎ መካከል ገብተው ነው» አለች።

ሳቃቸው ሳያበቃ ማሳው መካከል ደረሱ። ጭቃ አንሙት የበሬዎቹን ገመድ ሳብ አድርገው አቆሟቸው፤ ማረሻውን ከቀንበሩ ፈትተው በክንዳቸው አቀፉት። ከዚያም ጣራውን እንዳይጎዱ በጫማቸው ጫፍ፣ ቀስ ብለው ተራመዱበት። ዋሻው አሁን ባዶ ነበርና በእያንዳንዱ እርምጃቸው «ዱም» አለ።